ልጅ ለብቻ ሲያሳድጉ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ገንዘብ ሲያጥራት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምታስበው ማን እንደሚያበድራት ነው። እህቷ፣ ጎረቤቷ፣ በዱቤ የሚሰጣት የሰፈር ሱቅ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልኳ። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ልጅ የማስተዳደር ግዴታ ያለበት ማን ነው? አባቱ በሕይወት ካለ ግዴታው የእሱም ነው። ሞቶ ከሆነ ሲያዋጣ የኖረው ጡረታ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ በመንግሥት በኩል የሚገኙ ድጋፎች አሉ። እነዚህ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር አይገኙም። ምገባው ትምህርት ቤት ነው፣ ጤና መድኑ ወረዳና ጤና ጣቢያ፣ ሴፍቲኔቱ ሌላ ቢሮ። አንዷ ስለ አንዱ ስትሰማ ስለ ሌላው ሳትሰማ ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የአዲስ አበባን ሁኔታ ይዞ ነው የተጻፈው። «እናት» የሚለውም ለብቻው የሚያሳድገው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ እናት ስለሆነች ነው እንጂ፣ አብዛኛው ነገር ልጆቹን ይዞ ለቀረ አባትም የልጅ ልጆቿን ለምታሳድግ አያትም ይሠራል።

ቀለብ የልጁ ነው

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቀለብ የሚለው ምግብን ብቻ አይደለም። መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም በውስጡ አሉ። ግዴታው የሁለቱም ወላጆች ነው። ልጁን ይዛ የምትኖረው እናት ድርሻዋን በየቀኑ በገንዘቧም በጉልበቷም እየከፈለች ስለሆነ፣ ጥያቄው የሌላኛው ወላጅ ድርሻ የት አለ የሚለው ነው።

ብዙ እናቶች ግን አይጠይቁም። «ፊቱን ማየት አልፈልግም» ትላለች አንዷ። «እግዜር ያውቃል፣ እኔው አሳድገዋለሁ» ትላለች ሌላዋ። «ቀለብ ከጠየቅኩት ልጁን ይወስድብኛል» ብላ የምትፈራም አለች። ስሜቱ ይገባል፤ የተጎዳ ሰው ከጎዳው ሰው እጅ ገንዘብ መቀበል ይከብደዋል። ነገር ግን ቀለቡ የእናትየዋ አይደለም፤ የልጁ ነው። እሷ የምትጠይቀው በልጁ ስም፣ እንደ ሞግዚቱ ሆና ነው። በኩራት የተተወው ገንዘብ የራሷ ሳይሆን የልጁ የትምህርትና የሕክምና ገንዘብ ነው። ልጅ ማን ጋር ይደግ የሚለውን ፍርድ ቤት የሚወስነው የልጁን ጥቅም አይቶ ስለሆነ፣ አባት ቀለብ ስለከፈለ ብቻ ልጁን የመውሰድ መብት አያገኝም። በአንጻሩ ደግሞ አልከፈለም ተብሎ ልጁ አባቱን እንዳያይ መከልከል የለበትም። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱን የሌላው መያዣ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ልጁን ነው።

ለቀለብ በሕግ የተቆረጠ መጠን የለም። ዳኛው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ልጁ ምን ያስፈልገዋል፣ ከፋዩስ ምን አቅም አለው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት አንድ ገጽ መጻፍ ይጠቅማል። የቤት ኪራይ ከነልጁ ድርሻ፣ አስቤዛ፣ የትምህርት ወጪ፣ ትራንስፖርት፣ መድኃኒት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገዛ ልብስና ጫማ፣ ሁሉም በወር ተሰልቶ። ደረሰኝ ያለው ደረሰኙ ይያያዝ። ከአባትየው በኩል ደግሞ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስም፣ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃዱና የሱቁ አድራሻ፣ መኪና ካለው የሰሌዳ ቁጥሩ። ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቀጣሪውን ደመወዙን እንዲገልጽ ማዘዝ ይችላል። ከባዱ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ «ምንም የለኝም» ብሎ ሲቀርብ የሚያስተባብለው ማስረጃ ነውና።

ክሱ በአዲስ አበባ የሚቀርበው ለፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግና ፍርድ ቤት አላቸው። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የቀለብ ጉዳይ ያያሉ። የዳኝነት ክፍያ የምትከፍልበት የሌላት እናት በደሃ ደንብ እንድትከስ እንዲፈቀድላት መጠየቅ ትችላለች። ጠበቃ ለሌላት የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ለሚጽፉት ከመክፈል በፊት እነሱን መጠየቅ ይቀድማል። ጉዳዩ ፍቺ ከሆነ ደግሞ ፍቺው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ክርክሩ በሂደት ላይ እያለ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲቆረጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን የማያውቁ እናቶች ቀጠሮ ሲቆጥሩ ወራት ያለፈባቸው አሉ።

የሽማግሌ እርቅም መጥፎ መንገድ አይደለም። ዘመድ ተሰብስቦ አባትየው በወር ይህን ያህል ሊሰጥ ሲስማማ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቃሉ ብቻውን ሲቀር ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር ይሰጣል፣ ከዚያ ያሳንሳል፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋል። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ከጸደቀ ግን እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ ሲቋረጥ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ይቻላል። ክፍያውም በእጅ ባይሆን ይመረጣል። በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል፤ የሚከፍለውም አባት «አልሰጠኝም» ከመባል ይድናል።

የተፈረደውን ማስከፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቀጣሪው ከደመወዙ እየቀነሰ እንዲያስገባ ያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሰውየው ቀድሞ ሌላ ተቀናሽ ካለበት ለልጁ የሚተርፈው ስለሚያንስ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። አባትየው ውጭ አገር ሆኖ እዚህ ቤት ወይም መኪና ካለው አፈጻጸሙ ወደ ንብረቱ ሊዞር ይችላል። አቅም እያለው ቀለብ የሚነፍግን ሰው የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 658 ይቀጣል። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው መንገድ መሆን አለበት፤ የታሰረ ሰው ደመወዝ የለውም፣ ልጁም ያን ወር የሚበላው ያስፈልገዋል።

ኑሮ ሲወደድ ወይም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የተቆረጠው ቀለብ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ከአራት ዓመት በፊት በተወሰነ ገንዘብ ዛሬም መኖር ግዴታ አይደለም።

ሳይጋቡ የተወለደ ልጅስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የሚቀረው አባትነትን ማረጋገጥ ነው። እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ከነበረ ሕጉ ያንን ሰው እንደ አባት ይገምታል። ካልሆነ አባትየው ራሱ ልጁን መቀበል ይችላል፤ እምቢ ሲል ደግሞ አባትነቱ በፍርድ እንዲታወቅ መጠየቅ ይቻላል። ሕጉ ከሚያያቸው ምክንያቶች አንዱ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብ ወይም በማስተዳደር ተሳትፎ እንደሆነ ነው፤ የድሮ የባንክ ደረሰኝና የስልክ መልእክት የማይጣለው ለዚህ ነው። የዘረመል ምርመራ ውጤትም በማስረጃነት ይቀርባል።

አባት ከሌለ ወይም አንዳች አቅም ከሌለው ግዴታው በዘመድ ተራ ወደ አያቶች ሊሄድ እንደሚችልም ብዙ ሰው አያውቅም። ሕጉ ወደላይና ወደታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል፣ በወንድማማችና እህትማማች መካከልም ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ ይላል።

ባል ወይም ሚስት ሲሞት

ሐዘን ቤት ውስጥ ስለ ጡረታ መናገር የሚያሳፍር ይመስላል፣ መናገር ግን ያስፈልጋል። ሟቹ የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበረና ጡረታ ሲቆረጥለት ከኖረ፣ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ከሆነ ለተተኪዎች አበል ይታሰባል። የትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛሉ፤ አንድ ላይ ግን ከሟቹ አበል አይበልጥም። አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ካነሰ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ አለ። በሥራ ላይ አደጋ ከሞተ ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑ ማጠር አያግድም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬም «ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው» ብለው የሚተዉ ቤተሰቦች ይገጥማሉ። ቀጣሪውን የጡረታ መለያ ቁጥሩን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የሥራ ስንብት ክፍያ ካለም እዚያው ይጠየቃል። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት የግድ ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ይቅደም

በየቢሮው የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጎደለ ወረቀት ነው። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካለ የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያለፈበትም ዘግይቶ ይመዘገባል። አባቱ የለም ተብሎ ልጅን ሳያስመዘግቡ መቅረት ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ምዝገባ እስከ ውርስ ድረስ ይከተለዋል። ሁሉንም በአንድ ፖስታ ሰብስቦ፣ ኮፒ አንስቶ፣ በስልክም ፎቶ አድርጎ መያዝ ነው።

ከመንግሥት የሚገኘው

በገንዘብ ሲተመን ለብዙ እናቶች ትልቁ ድጋፍ የትምህርት ቤት ምገባ ይመስለኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ቅድመ መደበኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣቸዋል። ሁለት ልጅ ያላት እናት በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ማዕድ ከተቀነሰላት፣ ልጆቿን በብድር ርካሽ የግል ትምህርት ቤት ከማስተማር ይልቅ ይህን አስልታ መወሰን አለባት። የግል ትምህርት ቤት ክብር ነው የሚለው ግፊት በዘመድም በጎረቤትም በኩል ይመጣል፤ በወር ክፍያ የሚታመሰው ግን ልጁ ያለበት ቤት ነው።

ጤናም እንዲሁ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ለሌላው ሕመም ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች የሚገቡበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፈላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከማል። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ሰዎች በወረዳ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የምዝገባ ወቅት ስላለው ልጅ ሲታመም መሮጥ ሳይሆን ቀድሞ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን ያቀፈ፣ ኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋ ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችል በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በገጠር ያለው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራው ወጥተው ድጋፉን እንዲያገኙ ያደርጋል። ምልመላው የሚካሄደው በአካባቢው ኮሚቴ በኩል ስለሆነ ከቤት የማትወጣ፣ ስብሰባ የማትገኝ እናት ትረሳለች። ኮሚቴው ማን እንደሆነ ማወቅ፣ ስሟ ካልወጣ ቅሬታ በጽሑፍ ማስገባት መብቷ ነው። «አስገባሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን አጭበርባሪ ነው።

ለቤት ኪራይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ትልቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል፣ ለሚያውቀው። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ አከራይ ደስ ባለው ጊዜ ዋጋ መጨመር አይችልም፤ ውሉም በወረዳ ይመዘገባል። ልጅ ያላት ብቸኛ ሴት ቤት መከራየት ምን ያህል እንደሚከብዳት የታወቀ ነውና፣ የተመዘገበ ውል መያዟ በድንገት «ልቀቂ» ከመባል ይጠብቃታል።

የወሩ ገንዘብ

አንዲት እናት ቢሮ አጽድታ 6,500፣ ቅዳሜና እሑድ ልብስ አጥባ 2,000፣ በድምሩ 8,500 ብር ታገኛለች እንበል። ኪራይ 3,500፣ አስቤዛ 3,200፣ ትራንስፖርት 700፣ መብራትና ውኃ 300፣ ዕድር 100 ስትከፍል 700 ብር ይቀራታል። በዚህ ላይ አባትየው 2,000 ብር ቀለብ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለቡን ከገቢዋ ጋር ደምሮ የተሻለ ቤት እንድትከራይ ሲመክራት ነው። የአጠባውን 2,000ም አንድ ወር ልጅ ከታመመ አታገኘውም። ኪራይና አስቤዛ በተቻለ መጠን በእርግጠኝነት ከሚመጣው ገንዘብ ቢሸፈኑ፣ ቀለቡ ደግሞ ለትምህርት ዕቃ፣ ለልብስ፣ ለሕክምናና ለቁጠባ ቢውል፣ አባትየው አንድ ወር ቢያዘገይ ቤቱ አይናጋም። ሲያዘገይ ግን ያንኑ ወር መጠየቅ ነው፤ ውዝፍ ሲከማች ማስከፈሉ ይከብዳል።

ዓመቱን የሚያፈርሰው መስከረም ነው። እንቁጣጣሽ፣ ትምህርት መክፈቻ፣ መስቀል፣ ሁሉም በአንድ ወር። ከዚያ በፊት ደግሞ ጳጉሜን አለች፤ ደመወዝ የሌላት፣ ሆድ ግን የማያርፍባት። ለወር ደመወዝተኛ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚቆጠረው 35 ቀን ነው፣ በጳጉሜን ስድስት ዓመት 36። ይህ በየዓመቱ በታወቀ ቀን የሚመጣ ወጪ ስለሆነ ከጥቅምት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ሊጠራቀምለት ይችላል። ዕቁብም ለዚህ ሁነኛ ነው። ዕጣው በነሐሴ እንዲደርሳት ከሌላ አባል ጋር መቀያየር ወይም ዳኛውን አስቀድማ መለመን ትችላለች። የዕቁቡን መጠን ስትመርጥ ግን በደህናው ወር ሳይሆን በክፉው ወር በምትችለው ልክ ይሁን። ከላይ ያየናት እናት በሳምንት 500 ብር ዕቁብ ብትገባ በሁለተኛው ወር ዕቁብ ለመክፈል ትበደራለች፤ በሳምንት 100 ብር ግን ትችለዋለች።

ብድርን በተመለከተ ሦስቱን ለይቶ ማየት ይገባል። በስልክ የሚገኘው፣ እንደ ቴሌብር መላና እንደኪሴ ያለው፣ ፈጣን ነው፣ ዋስ አይጠይቅም፣ ግን በአጭር ጊዜ የሚመለስና ክፍያ ያለበት ነው። ደመወዝ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀር መድኃኒት ለመግዛት ይረዳል። በየወሩ ለኪራይ ከተወሰደ ግን የሚቀጥለውን ወር ቀድሞ መብላት ነው። ሁለተኛው አራጣ ነው፤ በሰዎች መካከል ባለ ብድር ወለድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቀድም፣ አራጣም ወንጀል ነው። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል አበዳሪ በዓመት ከተበደሩት ገንዘብ የሚበልጥ ወለድ ይሰበስባል። ባዶ ወረቀት ላይ ወይም ቼክ ላይ ማስፈረም ከጀመረ ደግሞ ቆሞ መሄድ ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በሰፈርም በመሥሪያ ቤትም አለ። ብዙዎቹ ለተወሰኑ ወራት ከቆጠቡ በኋላ የቁጠባውን ሦስትና አራት እጥፍ ያበድራሉ። ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ይህ የሚሻልበት ምክንያት ብድሩ ከመምጣቱ በፊት የመቆጠብ ልማዱ መምጣቱ ነው፣ ዋሶቿም የሚያውቋት አባላት ናቸው። ገንዘቡ ምጣድ፣ የስፌት መኪና፣ ለጉሊት የሚሆን ዕቃ የሚገዛበት ከሆነ ብድሩ ራሱን ይከፍላል። ከመፈረሟ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ በወር የምከፍለው ከነወለዱ ስንት ነው፣ አንድ ወር ባልከፍል ምን ይሆናል፣ ከዋሶቼስ የሚወሰደው መቼ ነው። መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ይታይ።